ሠርግ የለመደ ካሜራ

ድሬ ውስጥ ሰው ብቻውን ዕቃ አይገዛም። ነጠላ ጫማ ለመግዛት እንኳን ቢያንስ ሁለት ሰው ያማክራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይጠራ መጥቶ ይመክራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሥርዓት ጠብቄ ኖሬያለሁ። ቤቴን የሞላው ምክር የተሰበሰበበት ዕቃ ነው። ከሞላው ውስጥ የሚሠራው ግን አንዲት ሬዲዮ ብቻ ናት፤ እሷንም ማንንም ሳላማክር በችኮላ ነው የገዛኋት። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ አበው። እኔን ግን መከሩኝና ነው መከራው የመጣው። ደክሞኝ ስለማወራችሁ መሐል ላይ ውሃ ልጠጣ ብዬ ብነሳ አትፍረዱብኝ። ሙቀቱም አለ።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በሰሚራ ነው። ሰሚራ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሳይክል ትነዳለች። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የማይነዳ የለም፤ የኔዋ ግን ትወዳደራለች። ሜዳው አልበቃ ብሏት በየሳምንቱ ደንገጎ ድረስ ትወጣና፣ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንኳን ዓይኑን የሚጨፍንበትን ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሳይክል ትወርደዋለች። እኔ ስትወርድ አይቻት አላውቅም ነበር። እናቷ «ልቤ አይችልም» ትላለች፤ እኔ ደግሞ «ሥራ አለኝ» እላለሁ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው የጉምሩክ ወረቀት ተሸክሜ ከመስኮት መስኮት እዞራለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምዞረው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ምን እንደምሠራ የድሬ ሰው ይገባዋል፤ ላልገባው በኋላ እደርስበታለሁ።

አንድ ቀን ደጋ አገር ካለ ትልቅ ክለብ አንድ አሰልጣኝ ደወለ። «እርስዎ የሰሚራ አባት ነዎት?» አለኝ። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» የሚባለውን ነገር ሙቀቱ አቅልጦታል፤ ሽማግሌውም ከንቲባውም «አንተ» ነው። ስለዚህ «እርስዎ» ሲለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም የለም። ለካ እኔ ነኝ።

አሰልጣኙ ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። በሴቶቹ ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል። ደመወዝ አለው፣ ማደሪያ አለው፣ ደህና ሳይክልም አለው። ሰሚራን አንድ ውድድር ላይ አይቷታል፤ ሜዳ ላይ ወዷታል፤ ቁልቁለት ላይ ግን አያውቃትም። ስለዚህ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ እንድንልክለት ፈለገ። ያልተቆረጠ፣ ያልተቀጠለ፣ ድምፁም ያልጠፋ። «ብዙ ሰው እያፈጠነ ይልክልኛል፤ ድምፁን ስሰማ ነው እውነቱን የማውቀው» አለ። ቀነ ገደቡ ቅዳሜ ማታ ነው። ከቅዳሜ በኋላ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ሰሚራ ይህን ስትሰማ አልዘለለችም፣ አልጮኸችም። ሄዳ የሳይክሏን ሰንሰለት ማጽዳት ጀመረች። እኔ ልጄን አውቃታለሁ፤ አንድን ነገር በጣም ስትፈልግ የሆነ ነገር ታጸዳለች። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ያልጸዳ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ በስልኬ ሞከርን። ወዳጄ ተሾመ ባጃጅ አለው፤ ከኋላው ተቀምጬ ቤታችን አጠገብ ባለው መንገድ ላይ እየቀረጽኩ ተከተልናት። የቀረጽኩትን ስናየው የባጃጁ መጋረጃ አለ፣ ሰማይ አለ፣ የተሾመ ጆሮ አለ። ሰሚራ አልፎ አልፎ እንደ መብረቅ ብልጭ ትላለች። ለናሙና ላክንለት። አሰልጣኙ ወዲያው መለሰ፦ «ልጅቷን ይላኩልኝ እንጂ የመሬት መንቀጥቀጥ አይላኩልኝ።»

ያን ጊዜ ነው «ካሜራ እገዛለሁ» ብዬ የተነሳሁት። ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጥኳት የዕቁብ ብር ነበረች፤ አሥራ አራት ሺህ። ባለቤቴን ጠየቅኳት። «ውሰድ፤ ዘንድሮም አይዘንብ ይሆናል» አለች። ጣሪያችንን በዚህ ተስፋ ነው የምናኖረው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር ከሰሚራ ጋር ታይዋን ሄድን። ታይዋን ስላችሁ አውሮፕላን አልተሳፈርንም፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት የድሬ ገበያ ነው። ሂባ የምትባል ልጅ ሱቅ ገባን። ሂባ የልጄ እኩያ ብትሆን ነው፤ ግን ሃያ ዓመት የነገደች ነው የምትመስለው። «ለስፖርት የሚሆን፣ የማይንቀጠቀጥ፣ ርካሽ ካሜራ» አልኳት። አምስት ካሜራ ደረደረችልኝ። ሁሉም የክብሪት ሳጥን ያህላሉ። አሥራ አራት ሺህ ብር የክብሪት ሳጥን ላይ ማውጣት ለኔ ዓይነቱ ሰው ይከብዳል።

ሳጥኖቹን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ነገር ገረመኝ፤ ዋጋው ሲወርድ ሳጥኑ ላይ ያለው የምስል ጥራት ቁጥር ይወጣል። ውዱ ካሜራ አራት ኬ ይላል፤ መካከለኛው አምስት ኬ ይላል፤ ከሁሉም የረከሰው ስምንት ኬ ይላል።

«ይኼ ስምንት ኬ የሚለው እንዴት ረከሰ?» አልኳት።

«አቦ፣ ሳጥኑ ነው ስምንት ኬ» አለችኝ። «ካሜራው ምስኪን ነው።»

«ይኼስ ‹ሠላሳ ሜትር› የሚለው ምንድን ነው?»

«ሠላሳ ሜትር ውሃ ውስጥ ብታስገባው አይበላሽም።»

«ድሬ ውስጥ ሠላሳ ሜትር ውሃ ከየት ይመጣል? ወንዛችን እንኳን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው።»

«እኔ ምን ላድርግህ? ከፈለግክ አሸዋ ውስጥ ቅበረው።»

እኔና ሂባ በውሃ ጥልቀት ስንከራከር ሰሚራ ካሜራዎቹን አንድ በአንድ እያበራች ሱቁ ፊት ያለውን ደረጃ ሮጣ ትወጣለች፣ ዘልላ ትወርዳለች፣ ከዚያ የቀረጸችውን ታያለች። አራተኛው ላይ ቆመች። ሳጥን እንኳን የሌለው፣ ጥጉ የተፋፋቀ፣ ሰው ተጠቅሞበት የሸጠው ነው። ግን ምስሉ ቀጥ ብሏል፤ ደረጃው የተወረደ ሳይሆን የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ከነሄልሜት ማሰሪያው አሥራ ሦስት ሺህ ተኩል።

«አባ፣ ይኼ ነው» አለች። «ከኋላዬ በሳይክል የሚወርድ ጓደኛ አለኝ፤ ሄልሜቱ ላይ እናስረዋለን። ዛሬውኑ ያልቃል።»

«ልጅህ ታውቃለች፤ ውሰድላት» አለች ሂባ።

እዚህ ላይ ብሩን አውጥቼ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ ባልተወለደ ነበር። ሰዓቱ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ልጄ መርጣለች፣ ነጋዴዋ መስክራለች፣ ብሩ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ ግን ካሜራውን አገላበጥኩና፣ ከአባቴ የወረስኩትን ያንን ቃል ተናገርኩ፦ «እስኪ ላማክር።»

ሰሚራ አየችኝ። «ማንን ነው የምታማክረው?»

«ሰዎችን» አልኳት።

«እስከ ነገ ጠዋት አቆይልሃለሁ» አለች ሂባ፤ ግን እያየች የነበረው ሰሚራን ነው። ያዘነች መሰለኝ።

አሁን ላልገባው ልንገር። ድሬ ከምሳ በኋላ ግማሹ ይተኛል፤ ያልተኛው ይቅማል። እኛ አራት ነን፤ ሙክታር ቤት፣ ሽርጣችንን አገልድመን ፍራሽ ላይ እንጋደማለን። ሙክታር የባቡር ጡረተኛ ነው፤ ባቡር ከነዳበት ዘመን ያወራበት ይበልጣል። ተሾመን አውቃችሁታል፤ ባለባጃጁ። አራተኛው አብዲ ነው፤ ሠርግ ይቀርጻል። በኛ ሰፈር በአብዲ ካሜራ ፊት ሳያልፍ የተጋባ ሰው የለም። የተፋቱትም አብዛኞቹ የሱ ናቸው።

ጫቱ መጀመሪያ ላይ ዝም ያሰኛል። ቀጥሎ ያስወራል። ከዚያ ምርቃና ይመጣል፤ ምርቃና ሲመጣ የማይቻል ነገር አይኖርም። እኔ ራሴ በምርቃና ሁለት ፎቅ ሠርቻለሁ፣ አንድ ሆቴል ከፍቻለሁ። በማግስቱ ግን «ፎቁ የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የምርቃና ሕግ ይኸው ነው፤ ምርቃና ላይ የተባለ በማግስቱ አይጠየቅም። ባይሆን ኖሮ ሁላችንም እስር ቤት ነበርን።

ነገሩን ስምንት ሰዓት ላይ አቀረብኩ። «ትንሽ ካሜራ ልገዛ ነው፤ ምን ትላላችሁ?»

«ምን ታህላለች?» አለ ሙክታር።

በጣቴ አሳየሁት።

«አቦ ተወኝ! ልጅህን እኮ ነው የምታስቀርጸው፤ ጥርስህን አይደለም» አለ። ተሾመ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ በልቤ ግን የክብሪት ሳጥኗ ነገር እንደገና ከበደኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙክታር ትራሱን አስተካክሎ ቀና አለና አንድ ካሜራ ብቻ ውርደት እንደሆነ አስረዳ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ተሾመ የድሬ ሳይክል ክለብ መቋቋም እንዳለበት ሐሳብ አቀረበ፤ ተቋቋመ። ሙክታር ሊቀመንበር፣ ተሾመ የትራንስፖርት ኃላፊ፣ አብዲ የቴሌቪዥን ክፍል፣ እኔ የሕዝብ ግንኙነት ሆንኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ከጅቡቲ እስከ ድሬ የሚደረገውን ዓለም አቀፍ ውድድር መንገድ እየቀየስን ነበር። ተሾመ «ባጃጄን ለክለቡ ሰጥቻለሁ!» ብሎ ማለ። ሙክታር ግቢውን ለተወዳዳሪዎቹ ማደሪያ ሰጠ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያሉ ሰዎች መሐል መኖሬ ገረመኝ።

አብዲ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። «እኔ ደግሞ ካሜራዬን እሰጣለሁ» አለ። «ትልቋን። ትከሻዬ ላይ የምሸከማትን። ከነማቆሚያዋ፣ ከነመብራቷ። ቀራጩም እኔው ነኝ። አሥራ አራት ሺህ ብቻ።»

ሙክታር እጁን አነሳ። «ጀመዓ፣ ሥራ ማለት ይኼ ነው! ሰው ያቺን ካሜራ ሲያይ መንገድ ይለቃል። ያቺን የጣት ካሜራ ማን ያከብራታል?»

እውነት ነው አልኩ። እንዲያውም «እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም?» አልኩ። ብሩን ከኪሴ አውጥቼ ለአብዲ ቆጠርኩለት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ሌሎቹ የሰጡት ባጃጅና ግቢ እቦታው አለ። እኔ ግን ብር ይዤ ነው ምርቃና ውስጥ የገባሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምርቃናው ረገበ።  ተሾመ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ፤ ክለቡም አብሮት ሄደ። እኔ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ካሜራ፣ አንድ ባለሦስት እግር ማቆሚያና አንድ ትልቅ መብራት ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ካሜራውን አየች። እኔን አየች። ገብታ ምድጃውን ማጽዳት ጀመረች። ሚስቴ ግን ተናገረች፤ የተናገረችውን እዚህ መድገም አይቻልም።

ሐሙስ ጠዋት አብዲ ቤት ነበርኩ። «አብዲ፣ የትናንቱ ነገር እኮ የምርቃና ወሬ ነው፤ ሕጉን ታውቃለህ» አልኩት።

«ሕጉን አውቃለሁ» አለ ጥርሱን እየፋቀ። «ወሬው የምርቃና ነው። ብሩን ግን ትናንት ማታ ለቤት ኪራይ ሰጥቼዋለሁ፤ አከራዩ ምርቃና አያውቅም።»

ከዚያ ወደ ሂባ ሮጥኩ። ለምኜ በዱቤ ልወስድ ነበር ያሰብኩት። ያቺ የተፋፋቀች ካሜራ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተሸጣለች። «እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩህ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «ልጅህ ግን ታውቃለች» አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

አርብ የትልቋን ካሜራ ባትሪ ስፈልግ ዋልኩ። ያለው ባትሪ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይም። አብዲን ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም ስለው፣ «ሠርግ ቤት ሶኬት አለ» አለኝ። ታይዋንን አዳረስኩ። አንዱ ቀፊራ ገበያ ጠይቅ ሲለኝ ከሽንኩርቱና ከበርበሬው መሐል አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረስኩ። ባትሪውን አገላብጦ አየውና፣ «ይኼ የት ይገኛል?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ከሙቀቱ ጋር እልህ ተጋብቼ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ልንነሳ ተቀጣጠርን። አብዲ መጀመሪያ ፉል መብላት ነበረበት። ከዚያ የሠርግ ሰደሪያው ካልተተኮሰ አይሆንም አለ። ሙክታርም «ሊቀመንበር ነኝ» ብሎ ሊመጣ ፈለገ፤ ከምርቃናው የተረፈችው ሹመት እሷ ብቻ ነበረች። በተሾመ ባጃጅ ተጭነን የተነሳነው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰሚራ በሳይክሏ ቀድማን ወጥታ፣ ደንገጎ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችን ነበር። ሰዓቷን ሳታይ ሰማዩን አየች።

አብዲ ከጓዙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ ጭምር አወጣ። «እዚህ ተራራ ላይ ምን ላይ ልትሰካው ነው?» አልኩት። «አላውቅም፤ ግን ሠላሳ ሜትር ነው» አለኝ። ያቺ ሠላሳ ሜትር እዚህም አልለቀቀችኝም።

መጀመሪያ ከባጃጁ ላይ ሆነን ልንከተላት ሞከርን። ሰሚራ ተነሳች። አብዲ ግን ቀረጻ የሚጀመረው ከሽማግሌ ነው ብሎ ካሜራውን ሙክታር ላይ አዞረ። ሙክታር የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከለ፣ ፊቱን ኮስተር አደረገ። አራት ደቂቃ ባትሪ ሙክታር ላይ አለቀ። ወደ ልጄ ሲያዞረው ልጄ የለችም፤ ባጃጁ ቁልቁለት ፈርቶ ሲንፏቀቅ እሷ ሁለት ኩርባ አልፋ ሄዳለች።

«ቀስ ትበል እንጂ!» አለ አብዲ። «ሙሽራ እንኳን ስትገባ ቀስ ብላ ነው።»

«አብዲ፣ ውድድር እኮ ነው!»

«ቢሆንም ወደ ካሜራ አየት፣ ፈገግ ማለት አለ።»

ሰሚራ ተመልሳ እያላበች ወጣች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ባጃጁን ተዉት» አለች። «እዚህ ኩርባ ላይ ማቆሚያውን ትከሉት። ከዚህ ሆኖ ላይኛው መንገድ በሙሉ ይታያል። እኔ ከላይ እጀምራለሁ፤ ካሜራው ይከተለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባትሪው ለሁለተኛ አይበቃም።» ከዚያ እኔን ለብቻዬ አየችኝ። «አባ፣ አንተ ደግሞ እየኝ እሺ? አይተኸኝ አታውቅም።»

«ዓይኔን አልነቅልም» አልኳት። ከልቤ ነው የተናገርኩት።

ሄደች። ማቆሚያውን ተከልን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጮኸ፦ «ጀመርኩ።» አብዲ ቀይዋን መብራት አበራ። አራታችንም ወደ ላይ አፍጥጠን ቆምን። ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ያኔ ሌላ ነገር ሰማሁ። አራታችንም ሰማን።

የጫት መኪና ጥሩንባ የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ያቺ መኪና ትኩሱን ጫት ጭና ከላይ ስትወርድ ከተማው በሙሉ በጆሮው ይቀበላታል። ከሷ የሚፈጥን ነገር በዚያ መንገድ ላይ የለም፤ የሚቀድማትም አልተፈጠረም ይባላል። በላይኛው ኩርባ ብቅ አለች። በቅጠል የታሰረው እስር ከኋላዋ ተቆልሏል። በጊዜ ነው የመጣችው፤ ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማ። ሙክታር በታመመ ጉልበቱ ዘሎ ተነሳ። ተሾመ አፏጨ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ አጨበጨብኩ፣ «አቦ! አቦ! ወላሂ አቦ!» እያልኩ ጮኽኩ። አብዲ ደግሞ ሳያስበው እጁ በልማድ ሠራ፤ ካሜራዋን መኪናዋ ላይ ተክሎ፣ ሙሽራ እንደሚከተል ቀስ አድርጎ፣ ምንም ሳያንቀጠቅጥ፣ በፊታችን አልፋ ታችኛው ኩርባ እስክትሸሸግ ድረስ ሸኛት።

 አቧራው ሲበተን አራታችንም ባንድ ጊዜ ትዝ አለን።

«ሰሚራ!» አልኩ።

ወደ ላይ አፈጠጥን። መንገዱ ባዶ ነው። «አሁን ትመጣለች» አለ ተሾመ። ጠበቅን። ቀይዋ መብራት ጠፋች፤ ባትሪው አለቀ። ደግሞ ጠበቅን። መንገድ ላይ ወድቃ ይሆን ብዬ ወደ ላይ ልሮጥ ተነሳሁ።

«አባ!»

ድምፁ የመጣው ከኋላችን፣ ከታች ነው። ሰሚራ ሳይክሏን እየገፋች ቁልቁለቱን ወደ ላይ እየወጣች ነበር። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ዓይኖቿ ግን ያበራሉ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«አየኸኝ?» አለች። «አባ፣ አየኸኝ?»

ሦስቱ ጓደኞቼ መሬት መሬቱን አዩ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ እኔን የሚያየኝ መሰለኝ።

«አየሁሽ» አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው ብያችኋለሁ። እንደዚያ ቀን ውሸት ግን የከበደኝ የለም።

ቤት ስንደርስ ባትሪውን ሰክታ፣ ቪዲዮውን ወደ ስልኳ አዙራ ለብቻዋ አየችው። እኔ ሌላኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የራሴን ጩኸት ሰማሁ፦ «አቦ! አቦ!» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «አባ፣ ና» አለችኝ። ሄድኩ።

ምስሉ ቀጥ ያለ ነው፤ አብዲ ሙያውን ያውቃል። የጫቷ መኪና ትወርዳለች። እኛ ያለንበት ኩርባ ላይ ስትደርስ ለመታጠፍ ወደ ውጪ ሰፋ ትላለች። ያኔ ከበስተኋላዋ ቀይ ማልያ ብቅ ይላል። ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ወደ ውስጥ አዘንብላ፣ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ሽው ብላ መኪናዋን ታልፋታለች። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያያታል። ከዚያ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ እሷ ከፊት፣ ጫቱ ከኋላ። ሁሉም ከኔ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው የሆነው። ዓይኔም ክፍት ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ሲባል ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

«አየሁሽ ያልከኝ ጫቱን ነው አይደል?» አለች ሰሚራ።

«አዎ» አልኳት።

 «እልከዋለሁ» አለች ቆይታ። «ሌላ የለም።» የኔን ጩኸት እንድትቆርጠው ለመንኳት። «አይቆረጥም ብሏል» አለችና ላከችው። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር።

እሑድ ጠዋት አሰልጣኙ ደወለ። ሰሚራ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«ያችን መኪና የቀደምሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሁለተኛ እንዳይለምድሽ። ሞትሽን እየፈለግሽ ነው» አለ። ባለቤቴ ደረቷን ያዘች። «ሐሙስ እዚህ ድረሺ፤ ቦታው ያንቺ ነው።»

ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ አሰልጣኙ ጨመረ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የሚያጨበጭበው ሰው ማነው? ያ እንደዚያ የሚጮኸው? ስንት ዓመት ሠራሁ፣ ለአንድ ልጅ እንዲህ የተደሰተ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እግሬን አየሁ። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትናገር ደግሞ እውነቷን ነው።

«አባቴ ነው» አለች።

«ዕድለኛ ነሽ።»

«አዎ» አለች ሰሚራ። ስልኩን ዘጋችና ሳይክሏን ልትጠርግ ወጣች።

ትልቋ ካሜራ እቤት አለች። ሚስቴ ማቆሚያው ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የተሻለ ያገለገለ እሱ ነው። ጣሪያው እንዳለ አለ። አብዲ ያንን ቪዲዮ «የኔ ሥራ ነው» እያለ ለየሙሽራው ያሳያል። ሙክታር ሊቀመንበርነቱን አልለቀቀም። እኔም አሁንም ሙክታር ቤት እሄዳለሁ፤ ዋሽቼ ምን ላድርግ? ብር ግን ይዤ አልገባም።

ረቡዕ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰሚራን መናኸሪያ ሸኘናት። ሳይክሏ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየችኝ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር፤ እጆቼን አነሳሁና ማጨብጨብ ጀመርኩ። «አቦ! አቦ!» እያልኩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ከአውቶቡሱ ጋር ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። እሷ ግን እየሳቀች ዕንባዋን ጠረገች። ገብቷታል፤ በዚያ ሰዓት የጫት መኪና አያልፍም።